በጎንደር ታሪካዊ ዘጋቢ ፊልም ላይ ለሚሳተፉ አማተር ተዋናዮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትወና ስላልተማርኩ አልችልም»

በዘጋቢ ፊልም ታሪኩን የሚናገረው ተራኪው ነው፤ ተዋናዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሊጨርስ ይችላል። የሚፈለገው ሥራ የለመደ እጅ ነው። በወፍጮ ድንጋይ ስትፈጭ የኖረች እናት ለዚያ ትዕይንት ከመድረክ ተዋናይት ትበልጣለች። መድረክ የለመደ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ላለው ተመልካች ስለሚሠራ እጁን ያወናጭፋል፤ ካሜራ ሲቀርብ ግን ቅንድብ መነሳቱ ብቻ ይበቃል።

«አንዴ በደንብ ከሠራሁት አለቀ»

አንድ ድርጊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀረጻል፦ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከቅርብ። ከሩቅ ሲቀረጽ በቀኝ እጅ የነበረው ዋንጫ ከቅርብ ሲቀረጽ በግራ ከተገኘ ሁለቱ ምስሎች አይገጣጠሙም። ስለዚህ በየትኛው እጅ እንዳነሱ፣ በየትኛው እግር እንደጀመሩ ያስታውሱ። ድርጊቱ ሲያበቃም አዘጋጁ «ቁረጥ» እስኪል ባሉበት ይቆዩ፤ ለአርታኢው ያቺ አራት አምስት ሰከንድ ትልቅ ነገር ናት።

«ነጭ ልብስ ከለበስኩ የድሮ ሰው እመስላለሁ»

ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ነጠላ ሁሉ ጥጥ አይደለም። ከጫፉ አንድ ክር መዝዘው ያቃጥሉ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሠራል። ጥጡም ቢሆን በዱቄት ሳሙና የነጣ ከሆነ ፀሐይ ላይ ወደ ሰማያዊ ያበራል። መድኃኒቱ ሻይ ነው፦ 50 ግራም ያህል የሻይ ቅጠል በ5 ሊትር ውኃ አፍልቶ ማጥለል፣ ነጠላውን አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማራስ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ሳይርስ ከገባ ዝንጉርጉር ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ሻዩን አይዝም።

አለባበሱም ይናገራል። በንጉሥ ፊት የቆመ ሰው ያደገድጋል፤ ሐዘንተኛ ነጠላውን ይዘቀዝቃል። ይህ ከተምታታ ማንም ሳይነግረው ቀድሞ የሚያየው የጎንደር ተመልካች ነው፣ የሚያዝነውም እሱ ነው። ሰዓት፣ ዚፕና የጥፍር ቀለም ይወልቃሉ፤ የሰዓት ማሰሪያ ቆዳ ላይ የተወው ንጣትም በአፈር ይሸፈናል። ጫማም አይኖርም፤ ፈረሰኛው እንኳ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነበር። በባዶ እግር መሄድ ያልለመደ ሰው እንዳያነክስ ከሳምንት በፊት ይለማመድ።

«ግንቡ ሥር ከቆምን ዳራው ራሱ ታሪክ ነው»

የማን ዘመን እንደሆነ ይጠየቅ። ዐፄ ፋሲል የነገሡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ነው። በዚያ ትዕይንት የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ከኋላ ከታየ፣ በ1730 ወደ ሥልጣን የመጡት እቴጌ ሕንፃ አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ቀድሞ ተሠራ ማለት ነው። ባሕር ዛፍም መታየት የለበትም፤ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። ውጅግራም እንደዚሁ፦ የስሙ ምንጭ የሆነው የፈረንሳይ ጠመንጃ የ1874 ሥሪት ነው፤ በፋሲል ዘመን የነበረው ነፍጥ በፈትል እየተለኮሰ የሚተኮስ ነው።

ፋሲል ግቢ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነውና ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይቀረጽበትም። ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም፤ የእሳት ትዕይንት ከግቢው ውጭ ይሠራል።

«ለጦርነት መቶ ሰው ያስፈልጋል»

አስራ አምስት ሰው ይበቃል። ረጅም ሌንስ ከፊትና ከኋላ ያለውን ያቀራርባል፤ ሰልፉ ተራ ሳይዝ ከተበተነ፣ አቧራ ከተነሳ፣ የኋላዎቹም ሸማ ቀይረው እንደገና ካለፉ ሠራዊት ይመስላል። ጎራዴው የእንጨት ይሁን። ምቱ ወደ ጋሻው እንጂ ወደ ሰውየው አያነጣጥርም፤ መጀመሪያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ በዝግታ ይጠና፣ ፍጥነት በኋላ ይመጣል። የሚጎዳው ቁጥሩን ዘሎ የገባው ነው።

«ቀኑን ሙሉ ይቀረጻል»

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን በጥላ ይዋጣል፣ ነጭ ሸማም ዝርዝሩ ይጠፋል። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00፣ ከቀኑ 9:30 በኋላም ነው።

«በበጎ ፈቃድ ስለሆነ ውል አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ምስሉ የት እንደሚታይ፣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በተዋናዩ እጅ ይቅር። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል።