«የውሃ ዋጋ ጉድጓዱ ሲደርቅ ይታወቃል»

አባባሉ የብሪታንያ ነው። ቶማስ ፉለር የተባለ ሐኪም በ1732 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ውስጥ ባሳተመው የምሳሌ ስብስብ ላይ ሰፍሯል፤ ስኮትላንዶች ግን ከእሱ ቀድመው ይሉት ነበር። የእኛው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያው ነው፦ ሰው ያለውን የሚያከብረው ካጣው ወዲያ ነው። አባባሉ ላጣ ሰው ማጽናኛ አይሆንም፤ ገና በእጁ እያለ ለሚያባክን ሰው ማስጠንቀቂያ ነው።

በሰሜን እንግሊዝ የፔናይን ኮረብታዎች ላይ ግን ትርጉሙ ይሰፋል። እዚያ ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚለው ውሃው ያስከፈለው ዋጋ ነው፤ የሰጠመ መንደር።

ኮረብታዎቹ ዝናብ አያጡም፣ ለማንቸስተርና ለሼፊልድም ቅርብ ናቸው። በዚህ በኩል አለታቸው ኖራ ስለሌለው ውሃው ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ የእንፋሎት ማሞቂያ ውስጥም ቅርፊት አይሠራም። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ይህን አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። ችግሩ ለግድብ የሚመረጠው ቦታ ለገበሬም የሚመረጠው መሆኑ ነው፦ ሜዳው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ ሸለቆ።

የዴርዌንት ሸለቆ ዕጣ ይኸው ሆነ። ሃውደንና ዴርዌንት የተባሉት የድንጋይ ግድቦች በ1912 እና በ1916 አለቁ፤ ለደርቢ፣ ለኖቲንግሃም፣ ለሌስተርና ለሼፊልድ ግን አልበቁም። ስለዚህ ከ1935 እስከ 1943 ሦስተኛው፣ ሌዲባወር፣ ተሠራ። ይህኛው የአፈር ግድብ ነው፤ ውሃ እንዳያሳልፍ መሐሉ በሸክላ አፈር ተሞልቷል። የአፈር ግድብ ጠላቱ በላዩ የሚፈስ ውሃ ነው፤ አፈሩን ጠርጎ ይበላዋል። ለዚህ ሲባል ትርፉን ውሃ የሚውጡ፣ ስፋታቸው 24 ሜትር ያህል የሆነ ሁለት ክብ ጉሮሮዎች ተሠሩለት። የአካባቢው ሰው የአፈር ግድብ ቢናድ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፦ መጋቢት 11 ቀን 1864 ከሼፊልድ በላይ የነበረው ዴል ዳይክ የተባለ ግድብ ገና በመሙላት ላይ እያለ ተንዶ ቢያንስ 240 ሰዎች ሞተዋል።

ሌዲባወር አሾፕተንና ዴርዌንት የተባሉትን መንደሮች ዋጠ። የዴርዌንት ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻ ጸሎት በመጋቢት 1943 ተደረገ፤ በግቢው የተቀበሩ ሰዎች አፅም ተቆፍሮ ባምፎርድ በተባለ መንደር ተቀበረ፤ የጭነት ፈረሶች ይሻገሩበት የነበረው ጥንታዊ ድልድይ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ ኋላ ስሊፐሪ ስቶንስ በተባለ ቦታ ተገነባ። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ብቻ ከውሃው በላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱም በታኅሣሥ 1947 በፈንጂ ፈረሰ።

በ1976፣ በ1995 እና በ2018 ድርቅ የዴርዌንት ፍርስራሽ ታየ፤ የግንብ መሠረትና የድንጋይ ክምር። አሾፕተን ግን ደለል ስለለበሰው አይታይም። ሊያይ የሚሄድ ሰው የደረቀውን ዳር አይልቀቅ። ደለሉ ከላይ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ ጭቃ ነው፣ እግር ከገባ በራስ ጉልበት አይወጣም። በ2018 በዚህ ጭቃ ተይዞ በነፍስ አድን ሠራተኞች የወጣ ሰው አለ።

ለእኔ ግን የአባባሉ ጉድጓድ ከግድቡም በላይ ነው፤ ኮረብታውን ያለበሰው ፒት። ፒት ሳይበሰብስ የተከማቸ ዕፅዋት ነው፤ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። የፋብሪካ ጭስ፣ እሳትና የበግ ብዛት ስፋግነም የተባለውን ሞስ (አበባ የሌለው ትንሽ ዕፅ) ሲያጠፉበት ይራቆታል፣ ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ያኔ ደለሉ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፣ ውሃውም እንደ ሻይ ይቀላል። ቀለሙን ሳያስወግዱ ክሎሪን ቢጨምሩበት ጎጂ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቆሻሻውን አጓጉሎ የሚያዘቅጥ ኬሚካል ይገባል፣ ወጪውም ይንራል። አሁን ቦረቦሮቹን በድንጋይና በፒት እየደፈኑ ስፋግነም በእጅ ይተክላሉ። ይህ ሥራ ከማጣሪያው ጣቢያ ቀድሞ መጀመር ነበረበት።