ኮሞዶር 64 ላይ ያለችው ቀይ መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ዛሬም ከዕቃ ቤት አውጥተው ሊያስነሱት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። ከኪቦርዱ በላይ በስተቀኝ ትንሽ ቀይ መብራት (ኤልኢዲ) አለችው። ስትጠፋ ሰው ቶሎ ይደነግጣል፤ ስትበራ ደግሞ ቶሎ ይዘናጋል። ለማሽኑ የሚያስፈራው መዘናጋቱ ነው።

«መብራቷ ካልበራች ኮምፒውተሩ አብቅቶለታል» ይባላል። ስህተት ነው። መብራቷ ብትነቀልም ማሽኑ ይሠራል። ከቲቪ ጋር አገናኙትና እዩ (አዳፕተሩ ቀድሞ ከተለካ ማለት ነው፤ እመለስበታለሁ)። ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ «ሬዲ» ካለ፣ ችግሩ መብራቷ ጋ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ኤልኢዲዋ ተቃጥላለች» የሚለውም ብዙ ጊዜ አይሆንም። ኤልኢዲ እንደ አሮጌው አምፖል የሚበጠስ ክር የላትም። መጀመሪያ ሽቦውን ጠርጥሩ። መብራቷ የተገጠመችው ክዳኑ ላይ ነው፤ ሽቦዋ ግን ታች ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ክዳኑን ቀና ባደረጉት ቁጥር ሽቦው ይሳባል። እኔ ጋ የነበረው ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር፣ ፕላስቲኩ አልተላጠም። በሁለት ጣት ይዤ ሳጣጥፈው ግን ኤልኢዲዋ እግር አጠገብ ልፍስፍስ አለብኝ። ውስጥ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ቆርጬ እንደገና በየድኩት፣ በራች።

ኤልኢዲዋን ራሷን ለመፈተሽ ከቦርዱ ንቀሏት፤ ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያ ላይ አድርጉት። ጠርዟ ጠፍጣፋ የሆነው ወገን ኔጌቲቭ ነው፤ ጥቁሩ ጫፍ እዚያ፣ ቀዩ ሌላኛው ላይ ይሁን። ደህና ከሆነች ደብዘዝ ብላ ትበራለች፤ ወደ 1.8 ቮልት ታሳያለች። ካልበራች ጫፎቹን አቀያይራችሁ ሳትሞክሩ አትጣሏት።

አንዳንዱ አዲሷን ኤልኢዲ በቀጥታ 5 ቮልት ላይ ይሞክራታል። ወዲያው ትበላሻለች። ኃይሉን የሚቀንስ ሬዚስተር የግድ ነው፤ ቦርዱ ላይ ስላለ በነባሩ መሰኪያ በኩል አገናኟት።

ብዙ ማሽን ያጠፋው ግን ይሄኛው ነው፦ «መብራቷ ከበራች አዳፕተሩ ደህና ነው።»

አዳፕተሩ ሁለት ዓይነት ኃይል ይሰጣል፤ 5 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) እና 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት)። መብራቷ የምትበራው በ5ቱ ብቻ ነው። የ9ኙ ፊውዝ ቢቃጠል እሷ ምንም አይሰማትም። በቀደሙት ቦርዶች የቪዲዮ ቺፑ የሚፈልገው 12 ቮልት የሚገኘው ከ9ኙ ስለሆነ፣ መብራት በርቶ ስክሪኑ ይጨልማል። ብዙ ሰው ቺፑን ሲቀይር የሚውለው እዚህ ላይ ነው።

የባሰው ደግሞ 5ቱ ከልኩ ሲያልፍ ነው። የድሮው አዳፕተር ውስጡ በሙጫ የተሞላ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ከዓመታት በኋላ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲበላሽ ኃይሉ ወደ ላይ ይወጣል። መብራቷ ቢበዛ ደመቅ ትላለች፤ ሜሞሪ ቺፖቹ ግን ይቃጠላሉ። በዓይን አይለይም።

ስለዚህ ማሽኑ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩን ብቻውን ለኩት። ዲሲው ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ለጊዜው ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚያመልጥ አለና ቆይታችሁ ድገሙት። ከ5.25 ካለፈ ሁለተኛ አትሰኩት።