ላሜሕ የፈራው ሕፃን፦ አልቢኒዝም ስላለባቸው ወገኖቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የድሬዳዋና የአካባቢዋ ምእመናን፣ ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት በመካከላችን እየኖሩ እንደ ባዕድ ስለምናያቸው፣ አልቢኒዝም (ከውልደት ጀምሮ የቆዳ፣ የጠጕርና የዓይን ቀለም ማጣት ወይም ማነስ) ስላለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። ጉዳዩን ለሐኪሞች ብቻ ልንተወው አይገባም፤ ምክንያቱም በእነርሱ ላይ የሚደርሰው በደል ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የሃይማኖት ልብስ ከለበሰ ንግግር ነው። «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው»፣ «የወላጆቹ ኃጢአት ነው»፣ «እናቱ ነፍሰ ጡር ሳለች በቀትር ወጥታ ነው» የሚለው ወሬ በገበያ ብቻ አይወራም፤ ነጠላ ለብሰን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከቆምነው ከእኛም አንደበት ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ወደ ፍጻሜው አካባቢ፣ ስለ ኖኅ ልደት የተጻፈ ታሪክ አለ። ሕፃኑ ሲወለድ ሰውነቱ እንደ በረዶ የነጣ፣ እንደ ጽጌረዳም የቀላ ነበር፤ የራሱ ጠጕር ነጭ ነበር፤ ዓይኖቹን በገለጠ ጊዜም ቤቱ ሁሉ እንደ ፀሐይ በራ። አባቱ ላሜሕ ፈርቶ ሸሸ። ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላም ሄዶ፣ የተወለደለት ልጅ ሰውን እንደማይመስል፣ ከእርሱም የተገኘ እንደማይመስለው፣ ምናልባት ከመላእክት ወገን ሳይሆን እንደማይቀር ነገረው። ማቱሳላ ደግሞ መልሱን ፍለጋ እስከ ምድር ዳርቻ ወደ ሄኖክ ሄደ። ሄኖክም ሕፃኑ በእውነት የላሜሕ ልጅ እንደሆነ፣ ስሙን ኖኅ ብሎ እንዲጠራው፣ ከጥፋት ውኃም የሚተርፈው እርሱና ልጆቹ እንደሆኑ አስረዳው።

ይህን የማነሣው ኖኅ አልቢኒዝም ነበረበት ለማለት አይደለም፤ መጽሐፉ እንዲህ አይልም፣ እኛም ያልተጻፈውን አንጨምርም። የምጠይቃችሁ ላሜሕን እንድትመለከቱት ነው። በገዛ ቤቱ የተወለደውን ሕፃን አይቶ ደነገጠ፣ ልጅነቱንም ተጠራጠረ፤ ይሁን እንጂ በሕፃኑ ላይ እጁን አላነሣም፣ ሚስቱን በጎረቤት ፊት አላዋረደም፤ ሸሽቶ የሄደው ወደሚጠይቀው ሰው ነበር። ከቅዱሳን አባቶች ወገን የሆነ ሰው እንኳ በማያውቀው ነገር ከደነገጠ፣ የእኛ ወላጆች መደንገጣቸው አያስወቅሳቸውም። የሚያስወቅሰው ሳይጠይቁ መፍረድ ነው።

ድሬዳዋ በባቡር ሐዲድ የተቆረቆረች፣ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም የኖሩባት ከተማ ናትና፣ ነጣ ያለ ልጅ የወለደች እናት «ከየት አመጣችው?» የሚል ሐሜት ሲከተላት ቀልድ ይመስለናል። ልጁም «ፈረንጁ» እየተባለ ያድጋል፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቀው ሰው ያጣል። እናቲቱ ግን በዚህ ሐሜት ትዳሯን ልታጣ፣ ልጇንም ከሰው ዓይን ደብቃ ልታሳድግ ትችላለች። ስለዚህ እውነቱን በግልጽ እንናገር። አልቢኒዝም የሚመጣው ለቆዳ፣ ለጠጕርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ሳይመረት ሲቀር ወይም እጅግ ሲያንስ ነው። በአብዛኛው የሚከሰተው እናትም አባትም ሳያውቁት ይዘውት የኖሩትን ዘረ መል ሁለቱም ለልጁ ሲያወርሱት ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንግዲህ የልጁ መንጣት በሚስት ላይ የክህደት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሄኖክ ለላሜሕ የሰጠው መልስ ዛሬም ለሚጠራጠር አባት የሚሰጥ መልስ ነው፤ ልጁ በእውነት ልጅህ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ ማቀፍ፣ ከአንድ ጽዋ መጠጣት የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ደቀ መዛሙርቱ ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታችንን «ይህ ሰው ወይስ ወላጆቹ ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ሰውዬውም ሆነ ወላጆቹ ኃጢአት እንዳልሠሩ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ይገለጥ ዘንድ እንደሆነ መለሰላቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ጥያቄው ያኔ ተዘግቷል። አንዳንዶች የሙሴን እኅት የማርያምንና የኤልሳዕን አገልጋይ የግያዝን ለምጽ እየጠቀሱ ንጣትን ሁሉ የቅጣት ምልክት ያደርጉታል፤ ለምጽ ግን በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ይህ ደግሞ ከማኅፀን ጀምሮ ያለ ተፈጥሮ ነው። ዳዊት «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» ሲል የዘመረው ስለዚሁ ማኅፀን ነው።

ያልተዘጋ ጥያቄ ወዴት እንደሚያደርስ ከአህጉራችን ሌላ ክፍል እንማር። በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሌሎችም አገሮች የእነዚህ ሰዎች አካል ሀብት ያመጣል የሚል የጠንቋዮች ውሸት ብዙዎችን አስገድሏል፤ ሕፃናትም እጅና እግራቸውን ተቆርጠዋል። በማላዊ በ2010 ዓ.ም. ስለተገደለ አንድ ወጣት በ2014 ዓ.ም. ፍርድ ሲሰጥ፣ ከተፈረደባቸው መካከል የሥጋ ወንድሙ፣ አንድ የፖሊስ አባልና አንድ ካህን ነበሩበት። ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለቃየል የተነገረው «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትርጓሜ አያሻውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ሰኔ 6 በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ስለዚህ ሁሉ ግፍ ጭምር ነው። በእኛም ዘንድ ማንም ሰው፣ «አዋቂ» ተብሎ የሚፈራም ቢሆን፣ የእንዲህ ያለ ልጅ ጠጕር ወይም ጥፍር አምጡልኝ ቢል፣ ነገሩን በሹክሹክታ ማሳለፍ ኃጢአት ነው፤ በዚያው ቀን ለንስሐ አባትም ለፖሊስም ሊነገር ይገባል።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር ልበል። ልጅን ማስጠመቅ በረከት ነው፣ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን «ያደረበት ይውጣ» እያሉ ሕፃኑን በሰው ፊት ማስጨነቅ፣ ቆዳው ስላልጠቆረም «እምነታችሁ ጎደለ» ብሎ ወላጆቹን መውቀስ ከቅዱሳን አባቶች ያልተማርነው ጭካኔ ነው። የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድም ከጠበል ጋር አይጣላም።

የዓይኑ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳልና በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ይህን አስተውሉ። ልጁ የመዝሙር ደብተሩን አፍንጫው እስኪነካ አስጠግቶ ያነባል፤ ዓይኖቹ ያለ ፈቃዱ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም፤ ብርሃን ሲበዛበት ፊቱን ያጨማድዳል፣ አንገቱንም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህን ያየ መምህር ልጁ ሰነፍ ወይም እፍረተ ቢስ ይመስለዋል። መነጽር ይረዳዋል፤ ነገር ግን ጉድለቱ ከዓይን ኋላ ካለው ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል ጭምር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። ከፊት አስቀምጡት፣ ለመስኮቱ ብርሃን ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጉት፣ መዝሙሩን በጉልህ ፊደል ጻፉለት። ኦሪት «በዕውርም ፊት ዕንቅፋት አታድርግ» ያለችው (ዘሌ. 19፥14) በድንጋይ ብቻ አይፈጸምም፤ ልጁ ማንበብ የማይችለውን ሰሌዳ እያሳዩ በጓደኞቹ ፊት «አንብብ» ማለትም ያው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ በእኛ ቆላ ጠላታቸው ፀሐይ ነው። ሜላኒን የሌለው ቆዳ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል፤ በሐሩር አገሮች ብዙዎቹ በቆዳ ካንሰር ያለ ዕድሜያቸው ይቀጠፋሉ፣ ይህም በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ መሸሽ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ክፈፉ ሰፊ ባርኔጣና ሰንስክሪን (ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቅባት) ያስፈልጋቸዋል። በንግሥ ቀን ታቦቱ እስኪገባ በአውደ ምሕረቱ በቀትር እንቆማለንና፣ የዛፍና የድንኳን ጥላው መጀመሪያ ለእነርሱ ይለቀቅ፤ ባርኔጣ አድርጎ በቅጥር የቆመን ልጅም «አውልቅ» እያልን አናሸማቅቀው። ሰንስክሪኑ ለድሃ ቤተሰብ ውድ ነው፤ የጽዋ ማኅበሮቻችን ከወር መዋጮአቸው ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉት ለተራበ ከመስጠት አያንስም።

የቁሉቢ ገብርኤል ጉዞም አለ። ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19 በደንገጎ ዳገት በእግር የምትወጡ ማኅበራት፣ ከእናንተ መካከል አልቢኒዝም ያለበት ሰው ካለ ጉዞውን በሌሊት ጀምሩ፣ ረፋዱ ላይም በጥላ ዕረፉ። ቁሉቢ ደጋ ነውና ብርዱ ያዘናጋል፤ ከፍታ ላይ ግን የፀሐዩ ጨረር ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በእግር መውጣት ለሚከብደው በመኪና ከሚሄዱት ጋር ቦታ ያዙለት፤ ስለቱን የሚያደርሰው እንደ ማናችንም ነውና፣ ከመነሣታችሁ በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ አሁኑኑ ተነጋገሩ።