ለደገኛ ጠላቂ፦ ስለ ስኩባና በጦርነት ስለሰጠሙ መርከቦች የሚወሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሩቅ ደሴቶችና ስለ ስኩባ (የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ውስጥ ስለመጥለቅ) የሚያወሩ፣ አልፎም ለጉዞው የሚቆጥቡ ወጣቶች አሉ። ደስ ይለኛል። አብሮ የሚወራው ግን ብዙው ስህተት ነው፤ አንዳንዱም ሕይወት ያስከፍላል።

«የሰጠሙት መርከቦች የጃፓንና የአሜሪካ ጣጣ ናቸው፤ እኛን አይመለከቱም»

ዝነኞቹ እውነትም ፓስፊክ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ማይክሮኔዥያ ውስጥ ቹክ ላይ በሁለት ቀን በርካታ የጃፓን መርከቦችን አሰጠሙ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ፊሊፒንስ ውስጥ ኮሮን ላይ ደገሙት።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ የሰጠመው ኡምብሪያ የተባለው የጣሊያን መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ከ300,000 በላይ ቦምብ ጭኖ ወደ ምጽዋ ሲያመራ እንግሊዞች ለፍተሻ አስቆሙት። ካፒቴኑ አገሩ ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ ሲሰማ ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይገባ መርከቡን ራሱ አሰጠመው። መርከበኞቹ ተረፉ። ዛሬም ቦምቦቹ መርከቡ ሆድ ውስጥ እንደተደረደሩ አሉ፤ በሌላው ክፍል ደግሞ የዘመኑ ፊያት መኪኖች ዝገት ለብሰው ቆመዋል። ያኔ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች ገና በዱር በገደሉ እየተዋጉ ነበር። ያ ሁሉ ቦምብ ምጽዋ ቢደርስ ኖሮ የሚታጠቀው አገራችንን የያዘው ጦር ነበር። አንድ የሸዋ ልጅ ይህን እያወቀ ቢጠልቅ የሚያየው ዝገት ብቻ አይሆንም።

«ትሮፒካል ደሴት ማለት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው»

እኛም እኮ ትሮፒክ ውስጥ ነን። ቹክ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7፣ ኮሮን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ መሐላቸው ትገባለች። ደብረ ብርሃንን ያበረዳት ከፍታዋ ነው። ቹክ ዝናብ አያጣትም፤ ኮሮን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ክረምት ነው፣ አውሎ ነፋስም አለ።

«ባሕር የዋጠው ባለቤት የለውም፤ ለማስታወሻ ትንሽ ነገር ቢያመጡ ምን አለበት?»

ቹክ ላይ ፉጂካዋ ማሩ በተባለው መርከብ ሆድ ውስጥ የተዋጊ አውሮፕላን ክፍሎች አሉ፤ በሌሎቹም ሳህንና ጠርሙስ ሞልቷል። አንዱንም ማንሳት በሕግ ክልክል ነው። ከሕጉም በላይ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሰው አፅም አለ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር መቃብር ላይ ዕቃ የሚያነሳ ሰው አናውቅም፤ እዚያም መቃብር ነው።

«ጀርባ ላይ የሚታዘለው ኦክስጅን ነው»

አይደለም፤ ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው። ንጹህ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች መርዝ ይሆናል፣ ያንቀጠቅጣል።

«ደገኛ ሳንባው ጠንካራ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ይችለዋል»

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ጣርማ በር ላይ ባዶ ሃይላንድ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑና ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ እዩት፤ የአየሩ ግፊት ስለጨመረ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ባሕር ውስጥ ግፊቱ በ10 ሜትር ብቻ እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ውስጥ ያለው አየር ወደ እጥፍ ይሰፋል፤ ሳንባ ይቀደዳል። የደጋ ሰው መሆን ከዚህ አያድነውም።

«ከውኃ ከወጡ አበቃ»

ለሰሜን ሸዋ ሰው ዋናው ጉዳይ ገና መጀመሩ ነው። ጥልቀት ላይ የተነፈስነው ናይትሮጂን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል፤ የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። ሳይወጣ ወደ ከፍታ ከሄድን ሰውነታችን ውስጥ አረፋ ሆኖ ይጎዳናል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር ይመከራል። ይህ ምክር ግን የተሰላው በአውሮፕላን ውስጥ ላለው ግፊት ነው፤ እሱም ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል።

ስለዚህ ጅቡቲ ጠልቆ «እኔ በመኪና ነው የምመለሰው፣ አልበርም» የሚል ሰው ተሳስቷል። በኮምቦልቻ በኩል መጥቶ ከደብረ ሲና ሽቅብ ሲወጣ ምክሩ ከተሰላበት ከ2,400 ሜትር በላይ ደርሷል። የእኔ ምክር የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ሳይጠልቁ ባሕሩ ዳር መቆየት ነው፤ አሠልጣኙንም «ቤቴ 2,800 ሜትር ላይ ነው» ብላችሁ ከመጥለቃችሁ በፊት ንገሩት።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ከቆረጠማችሁ፣ እጅ እግር ከደነዘዘ ወይም ካዞራችሁ የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ፤ አረፋው ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ሄዳችሁ መቼ፣ ስንት ጊዜና ምን ያህል ጥልቀት እንደጠለቃችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ኦክስጅንም ጠይቁ። ሐኪሙ ደጋ ላይ ለመጣ ሕመምተኛ ባሕር ገብተህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።