«ስኮላርሺፕ አለን» ሲሉ ስንት ማለታቸው ነው?

ልጅዎ አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ ጎበዝ ሯጭ ናት እንበል። የኮሌጅ አሰልጣኝ ደውሎ «ስኮላርሺፕ አለን» አላት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ቆይ ግን፣ ስንት?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በሩጫ ሙሉ ወጪ የሚሸፈንለት ጥቂት ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር በኤን ሲ ኤ ኤ፣ ከፍተኛው እርከን በሆነው ዲቪዥን 1፣ ለዓመታት አንድ ኮሌጅ ለአትሌቲክስና አገር አቋራጭ የሚፈቀድለት ለወንዶች 12.6፣ ለሴቶች 18 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆራርሰዋል፤ ለአንዷ ግማሽ፣ ለሌላዋ የመጽሐፍ መግዣ። ከ2025 ወዲህ በፍርድ ቤት የጸደቀውን አዲሱን የኮሌጅ ስፖርት ስምምነት የተቀበሉ ኮሌጆች ይህ ጣሪያ ተነስቶላቸዋል። የተገደበው የቡድኑ አባላት ቁጥር ነው። ጣሪያው ተነሳ ማለት ግን ብሩ መጣ ማለት አይደለም። ዲቪዥን 3 ደግሞ በስፖርት ስም ሳንቲም አይሰጥም።

ግራንት ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ፣ ፔል ግራንት፣ የቤተሰብ ገቢ እንጂ የሩጫ ሰዓት አያይም፤ እንደ ብድርም አይመለስም። የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። ግሪን ካርድ ያላትም ማመልከት ትችላለች፤ በተማሪ ቪዛ የመጣች ግን አታገኝም።

አሰልጣኙን «ሁሉም ተቀንሶ በዓመት ከኪሳችን የሚወጣው ስንት ነው?» ይበሉት። መልሱን በጽሑፍ።