ሜታስኮር ምንድን ነው?

አንድ የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ሮክ) ባንድ አዲስ አልበም ባወጣ በቀናት ውስጥ ከአልበሙ ስም አጠገብ አንዲት ቁጥር ብቅ ትላለች፦ 84፣ 71፣ 58። አድናቂው በእሷ ይኮራል ወይም ይናደዳል። ባንዱን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ደግሞ ለአልበሙ ጊዜ ይስጥ አይስጥ በእሷ ይወስናል። ይህች ቁጥር ሜታስኮር ትባላለች።

የሚያወጣት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሜታክሪቲክ የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹ ራሱ ሙዚቃ አይሄስም፤ መጽሔቶችና ጋዜጦች የጻፉትን ሂስ ሰብስቦ ከ100 አማካይ ያወጣል። ቢያንስ አራት ሂስ ያላገኘ አልበም ነጥብ የለውም። ከ61 ጀምሮ አረንጓዴ ነው፣ ከ40 እስከ 60 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ።

አማካዩ ግን ተራ አማካይ አይደለም። ስመ ጥር የሚባሉት ኅትመቶች ሚዛናቸው ይከብዳል፤ የማን ምን ያህል እንደሚከብድ ድረ ገጹ አይናገርም። ከአምስት አራት ኮከብ የሰጠ ሐያሲ 80 ተብሎ ይመዘገባል። ምንም ነጥብ ሳይሰጥ በቃላት ብቻ የጻፈ ከሆነ ደግሞ የድረ ገጹ ሠራተኞች ጽሑፉን አንብበው ቁጥር ይገምቱለታል። ይህ ያሳስበኛል። ሐያሲው አልበሙን በቁጥር ለመለካት አልፈለገ ይሆናል፤ በስሙ ግን ሌላ ሰው ለካለት።

ከዚህም የሚበልጠው ችግር አማካይ ራሱ የሚሸፍነው ነገር ነው። አሥር ሐያስያን ሁሉም 70 ቢሰጡ ውጤቱ 70 ነው። አምስቱ 95፣ አምስቱ 45 ቢሰጡም፣ ሚዛናቸው እኩል ከሆነ ያው 70 ነው። የመጀመሪያው ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም እንቅልፍ የማይነሳ አልበም ነው። ሁለተኛው ሰዎችን አከራክሯል። ጊታሩን ትቶ ወደ ሌላ ድምፅ የተሻገረ ባንድ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ይኸው ሁለተኛው ነው፤ እኔም ቀድሜ የምሰማው እሱን ነው።

ደግሞም በሙዚቃ በኩል ቀይ ቀለም እምብዛም አይታይም። የሚወጣው አልበም ከሐያስያን አቅም በላይ ስለሆነ፣ ደካማ የመሰላቸውን የማይታወቅ ባንድ ሥራ ከሚያጣጥሉት ይልቅ ዝም ብለው ያልፉታል። ነጥብ ያገኘው ሁሉ አንድ ጊዜ የተመረጠ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 65 አረንጓዴ ቢሆንም ለኢንዲ ሮክ አልበም ቀዝቃዛ አቀባበል ነው።

ነጥብ ለኢንዲ ባንዶች ለምን ይህን ያህል ትልቅ ቦታ ያዘ? የትልቅ ኩባንያ ገንዘብና የሬዲዮ ሰዓት ስለሌላቸው አንድ ጥሩ ሂስ መንገድ ይከፍትላቸው ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና እስከ አንድ የአስርዮሽ ቤት ድረስ የሚለካው ፒችፎርክ የተባለ የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ በ2004 አርኬድ ፋየር ለተባለ የካናዳ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ከ10 ላይ 9.7 ሲሰጥ፣ ያ ሂስ ባንዱ ከሞንትሪያል ውጭ እንዲታወቅ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ይኸው ፒችፎርክ በ2003 ወደ ፖፕ ያዘነበለውን የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የሊዝ ፌርን አልበም 0.0 ብሎት ነበር። በ2021 የቀድሞ ነጥቦቹን መለስ ብሎ ሲያይ ለዚያው አልበም 6.0 ሰጠው። በመካከሉ ባሉት 18 ዓመታት ከዘፈኖቹ አንድም ኖታ አልተለወጠም። አዲስ አልበም በወጣበት ሳምንት የምትወጣው ሜታስኮር የተሰበሰበችው ደግሞ አልበሙን ከመውጣቱ በፊት ተቀብለው፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሰምተው ከጻፉ ሰዎች ነው። እኔ ከቁጥሯ ወርጄ ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠውንና ዝቅተኛውን የሰጠውን ሂስ ጎን ለጎን አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚጽፉት ስለ አንዱ ዘፈን ነው፤ አንዱ የወደደለትን ነገር ነው ሌላው የጠላበት።