«ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ»፦ መነሻውና ትርጉሙ

ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሥራ ሲቀየር፣ ትዳር ሲታሰብ፣ አዲስ ትምህርት ሲመጣ ይጠቀሳል። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው በግዕዙም ያውቀዋል። «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል ነው። አንዳንድ ወጣት ግን «ሁሉንም ቅመስ፣ የጣመህን ያዝ» ለማለት ይጠቀምበታል፤ ጫቱንም ሺሻውንም ጨምሮ። ይሄ ከመነሻው በጣም የራቀ ነው።

መነሻው ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ነው፤ ምዕራፍ 5፣ ቁጥር 21። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ50 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጳውሎስ በዚያች ከተማ ምኩራብ ሦስት ሰንበት ከመጻሕፍት እየጠቀሰ አስተማረ። ከዚያ ሁከት ተነሣ። ወንድሞችም እሱንና ሲላስን በሌሊት ወደ ቤርያ ላኳቸው። በእምነት ገና ጀማሪ የሆኑት ሰዎች ካስተማሯቸው ተለዩ።

ለእነዚህ ሰዎች ነው እንግዲህ የጻፈላቸው። ከአባባሉ በፊት «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ» ይላል። ከአባባሉ ቀጥሎ ደግሞ «ከማናቸውም ዓይነት ክፉ ነገር ራቁ» አለ። ስለዚህ ነገሩ በእግዚአብሔር ስም ስለሚነገር ቃል ነው። አትናቁት፣ ግን እንዳለም አትዋጡት። «እግዚአብሔር እንዲህ ብሎሃል» የሚል ሰው በበዛበት በዚህ ዘመን ይህ ምክር እንዴት እንደሚያስፈልገን! በአንድ ሰው ቃል ብቻ ሥራ የለቀቀ፣ እጮኛ የተወ፣ ቤት የሸጠ አለ።

ታዲያ በምን እንፈትን? እዚህ ላይ የቤርያ ሰዎች ይረዱናል። የሐዋርያት ሥራ 17፥11 ያመሰግናቸዋል። ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ደግሞም «ነገሩ እንዲህ ይሆንን?» እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሰሙት ከጳውሎስ አፍ ነው፤ ግን እሱንም ከመጻሕፍት ጋር አመሳከሩት። ማንም ደፋሮች አላላቸውም።

«ዕለት ዕለት» የሚለው ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስ የምንገልጠው ሲጨንቀን ነው። ዓይን ጨፍኖ ገልጦ፣ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ እንደ መልስ የሚወስድም አለ። ይሄ ዕጣ መጣል እንጂ መመርመር አይደለም። መዝሙር 1 ብፁዕ የሚለው ሰው ሕጉን በቀንና በሌሊት ያስባል። ውሳኔው ሲመጣ ቃሉ አስቀድሞ ልቡ ውስጥ አለ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ ብዙ ቤት ያፈረሰ ነገር ስለሆነ ነው። ወዳጅህ መጥቶ «ለብድር ዋስ ሁነኝ» ይልሃል። ይሉኝታ ይይዝሃል። እምቢ ማለት ክፋት ይመስልሃል። መጽሐፈ ምሳሌን የሚያሰላስል ሰው ግን ምዕራፍ 6ን ያስታውሳል። ለወዳጅህ ዋስ ሆነህ ከሆነ ሳትተኛ ሄደህ ራስህን አድን ይላል። ምዕራፍ 22 ደግሞ የምትከፍለው ከሌለህ ምንጣፍህ ሳይቀር ከሥርህ ይወሰዳል ብሎ ያስጠነቅቃል። በዚህ ብቻ ቢያቆም ጨካኝ ይሆናል። ምዕራፍ 3፥27 ግን ማድረግ ሲቻልህ ለተቸገረው በጎ ከማድረግ አትቆጠብ ይላል። ሁለቱን አብሮ ያየ ሰው ለባንክ ፊርማውን ሳይሰጥ ወዳጁን ካለው ላይ ይረዳዋል፤ ቢቀር ቢቀር አብሮት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዷን ጥቅስ ብቻ ቢይዝ እዚህ አይደርስም ነበር።

ጥቅስ የማይገኝላቸው ውሳኔዎችም አሉ። ቤት የት ሰፈር እንከራይ? ልጃችን ምን ይማር? ለዚህ ያዕቆብ 1፥5 ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን፣ እርሱ ሳይነቅፍ ይሰጣል ይላል። ምሳሌ 15፥22 ደግሞ መካሮች ሲበዙ ሐሳብ እንደሚጸና ይናገራል። ስለዚህ ከጸለይክ በኋላ ለንስሐ አባትህ ወይም ለመጋቢህ ንገር። ያንን መንገድ ቀድሞ የሄደበትን ጎረቤትም ጠይቅ። እነሱ የሚሉህንም በዚያው በቃሉ ፈትነው።